ሌላውን ማን በላው?

የእማማ ዶርቃን ማረፍ የሰማሁት ደብረ ማርቆስ ገበያ መሃል ቆሜ ቅቤ ስመርጥ ነው። የደወለልኝ መምህር ሰሎሞን ነበር፤ ወላይታ ሶዶ እያለሁ አንድ ግቢ ውስጥ አጠገቤ የተከራየ፣ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ የሚያስተምር የሐረር ልጅ። መጀመሪያ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፤ ቀጥሎ ስለ ዝናቡ፤ ከዚያ ብቻዬን ነኝ ወይስ ሰው አብሮኝ አለ ብሎ ጠየቀኝ። እዚህ ላይ ሲደርስ ገባኝ።

«እማማ ናቸው?» አልኩት።

«አዎ» አለኝ። «ትናንት ጠዋት። ሳይታመሙ።»

ቅቤ ሻጯ ዕንባዬን አይታ ማን እንደሞተብኝ ጠየቀችኝ። «የቤት አከራዬ» አልኳት። ግራ ገባት። እውነቷን ነው፤ ለቤት አከራይ ገበያ መሃል ቆሞ የሚያለቅስ ሰው እኔም አይቼ አላውቅም። አከራይ ሲባል ትዝ የሚለን ውሃ ቆጥቡ፣ መብራት አጥፉ፣ እንግዳ አታብዙ የሚል ሰው ነው። እማማ ዶርቃም ይህን ሁሉ ብለውኛል፤ አንዱም አልቀረብኝ። ያለቀስኩላቸው በሌላ ነው።

ሶዶ የሄድኩት ለሥራ ተመድቤ ነው። የአፈር ምርመራ ባለሙያ ነኝ። ከተማውን ስረግጥ ከአማርኛ ሌላ የምችለው የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ብቻ ነበር፤ በሁለቱ ደግሞ የትም መኖር ይቻላል ብዬ አምን ነበር። ቀን ቀን አላፈርኩም። ቢሮም፣ ባንክም፣ ባጃጅም በአማርኛ ይሄዳል። ሲመሽ ግን ሰው ሁሉ አማርኛውን ከጫማው ጋር በር ላይ አውልቆ ወደ ቤቱ የሚገባ ይመስለኝ ነበር። ከየግቢው የሚሰማው ሳቅ፣ ጸሎት፣ የልጅ ቁጣ፣ ሁሉም ወላይትኛ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ከሥራ ስመለስ የግቢውን በር አንኳኳሁ። እማማ ዶርቃ ገርበብ አደረጉና «ሳሮ» አሉኝ።

«ደህና አመሹ» አልኳቸው።

«ሳሮ» አሉ ደግመው፤ በሩን እንደያዙ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«ሳሮ!»

ሰላምታ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። «ሳሮ» አልኩ።

«ገባ፣ ገባ!» ብለው በሩን ወለል አደረጉት። «አንተ ጎበዝ ነው። ነገ እኔ ሌላ ቃል እሰጥሃለሁ። አንተ ደግሞ እንግሊዝ ቃል ይዘህ ትመጣለህ። ባዶ እጅ ሰው ቤት አይገባም።»

«አንተ» የተባልኩት እኔ ቀሚስ የለበስኩ ሴት ነኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት ተቀይሜ ነው ያሳለፍኩት፤ ፀጉሬን አጭር ስለተቆረጥኩ የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር። በኋላ መምህር ሰሎሞን አስቆመኝና፣ «አማርኛ ለእሳቸው የገበያ ቋንቋ ነው፤ ወንድና ሴት እየለዩ ቅቤ አይሸጡም። እኛ በእነሱ ቋንቋ ስንናገር ስንቱን እንደምንገድል ገና ታዪዋለሽ» አለኝ። አየሁት። እኔ ወላይትኛ ስጀምር እማማ ዶርቃ ሆዳቸውን ይዘው ወንበር ፈልገው ነው የተቀመጡት።

አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ክረምት ከበጋ አንዲት ሰማያዊ ሹራብ የማትለያቸው ሴት ነበሩ። ባላቸው ቀድመዋቸው አርፈዋል። ኑሯቸው የቅቤ ንግድ ነው፤ ከተበላና ከቢጠና በኩል የሚመጡ ሴቶች ቅቤያቸውን በኮባ ጠቅልለው ለእሳቸው ያስረክባሉ። እማማ ቅቤ ሲገዙ አይቸኩሉም። ትንሽ ይቆነጥሩና በአውራ ጣታቸው ይጨፈልቁታል፤ ያሸቱታል፤ ካልጣማቸው አንድም ክፉ ቃል ሳይናገሩ ኮባውን መልሰው ጠቅልለው ለባለቤቷ ይመልሱላታል። ቃልም የሚቀበሉት እንደዚሁ ነበር። በር ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል እሰጣቸዋለሁ፤ ሁለት ሦስቴ በአፋቸው ያዞሩታል፤ ከወደዱት «ገባ» ይሉኛል። ካልወደዱት ይመልሱታል። አንድ ቀን «ግራንድማዘር» ይዤላቸው ሄድኩ፤ አያት ማለት ነው ብዬ በኩራት።

«ይሄ ቃል ኩንታል ነው» አሉኝ። «ሕፃን ልጅ ይህን ተሸክሞ እንዴት ይጠራኛል? ቀይረህ አምጣ።»

ያን ማታ ሌላ ቃል እስካስብ ድረስ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ዝናብም ነበር።

እንግሊዝኛ ለምን እንዳስፈለጋቸው የገባኝ በመጀመሪያው እሑድ ነው። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ምናሴ። እንደ ብዙ የአካባቢው ጎረምሳ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ትንሽ ሱቅ ከፍቷል። እዚያው ኖምሳ የምትባል ሴት አግብቶ ታንዲ የምትባል ልጅ ወልዷል። እሑድ እሑድ፣ እማማ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ በኢሞ ይደውላል። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ስልኩን ከፊታቸው በጣም ያርቁታል፤ እዚያ ማዶ ሦስቱ ተጨናንቀው ይታያሉ። እማማ ለምራታቸው በወላይትኛ ይናገራሉ፤ ምናሴ ያስተረጉማል። ኖምሳ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ምናሴ ያስተረጉማል። ያን እሑድ ኖምሳ እጆቿን እያወናጨፈች፣ መሃል ላይ እየሳቀች፣ ወደ መጨረሻው ዓይኗን እየጠረገች ረጅም ነገር ተናገረች። ምናሴ ወደ እናቱ ዞሮ ሁለት ቃል ብቻ አለ።

እማማ ዶርቃ ስልኩን ወደ ፊታቸው አቀረቡ። ያሉትን ሰሎሞን ነው በኋላ የነገረኝ። «ሚስትህ ይህን ሁሉ ተናግራ አንተ 'ሰላም ብላሻለች' ትለኛለህ? ሌላውን ማን በላው?»

ምናሴ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጉያቸው ከተቱት። ከዚያ ወደ እኔና ወደ ሰሎሞን እየተመለከቱ፣ «ልጄ ደግ ነው፤ ግን በመሃል የቆመ ሰው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይበላል። እኔ ከልጅ ልጄ ጋር መሃል ላይ ሰው ሳይኖር ማውራት እፈልጋለሁ። ሳልሞት» አሉ። በር ላይ ቃል የሚለቅሙት ለዚህ ነበር።

ሰሎሞን መምህር ነውና ነገሩን በወጉ ሊይዘው ፈለገ። ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ገዝቶ በረንዳው ላይ ሰቀለና «አይ አም፣ ዩ አር፣ ሺ ኢዝ» እያለ ጀመረ። እማማ ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ሁለት ምሽት በትዕግሥት አዳመጡት። በሦስተኛው ምሽት ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

«ሰሎሞን፣ ይህ 'አም' የሚባለው ይበላል?»

«አይበላም እማማ።»

«ይጠጣል?»

«አይጠጣም።»

«እንግዲያው አንተ ለተማሪዎችህ አስቀምጥ። ለእኔ ልጅ ሲያለቅስ ምን እንደሚባል ንገረኝ።»

ሰሎሞን ሰሌዳውን አወረደ፤ እስከ ዛሬ ይህን ሲያወራ ይስቃል። ከዚያ በኋላ ቃሉን የሚመርጡት እሳቸው ሆኑ። ብላ፣ ጠጣ፣ ና፣ በረደህ ወይ፣ አታልቅስ፣ ሮጠ፣ ወደቀ፣ ዝናብ፣ ዛፍ፣ ፀጉርህን ማን ሠራልህ። «ሀው ዱ ዩ ዱ» የሚለውን ሰሎሞን በነፃ ሊጨምርላቸው ቢሞክር አልተቀበሉም፤ ለልጅ እንዲህ አይባልም አሉት።

አንድ ቀን ሰሎሞን ለኖምሳም እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ እንዳልሆነ ነገራቸው። እሷም ከእናቷ ጋር በቤቷ የምትናገረው የራሷ ቋንቋ አላት፤ እንግሊዝኛን ያገኘችው ትምህርት ቤት ነው። እማማ ዶርቃ እንዲህ ሲደሰቱ አይቼ አላውቅም። እጃቸውን አጨበጨቡ።

«እንዲህ በለኝ እንጂ! እኔ ባለ ቤት ጋ የምሄድ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ለካ ሁለታችንም የሰው ልብስ ለብሰን ነው የምንገናኘው። እንግዲህ ማን በማን ይስቃል?»

እኔም ይህን አባባላቸውን ይዤ ገጠር ወጣሁ። ተበላ አካባቢ አፈር ስንሰበስብ ከአንድ ገበሬ ጋር ለረጅም ጊዜ ሠርቼ ነበር። ምንም ብነግረው «እሺ» ይለኛል፤ ዞር ስል የራሱን ያደርጋል። በአማርኛ ስናገር የመንግሥት ሰው ነኝ፤ ለመንግሥት ሰው እሺ ይባላል። አንድ ቀን እማማ በር ላይ በሰጡኝ ቃላት፣ «ቢታ» ማለትም አፈር ከሚለው ጀምሬ፣ እየተንተባተብኩ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ ሚስቱንም ጠርቶ አሳቀብኝ። ቀጥሎ ግን እሺ ማለቱን ተወና ተከራከረኝ። ማዳበሪያው ለምን በእሱ ማሳ ላይ እንዳልያዘ፣ ውሃው በየት በኩል እንደሚያጥበው፣ እኔ የት ላይ እንደተሳሳትኩ እያሳየኝ ማሳውን ዞርን። በሥራ ዘመኔ ሰው አክብሮ የተከራከረኝ ያን ዕለት ነው። ለዚህ ብቻ እንኳ እማማ ዶርቃን እስክሞት አመሰግናቸዋለሁ።

ጊዜው ሲደርስ እሳቸውም ፈተናቸውን ተቀመጡ። በአንዱ እሑድ ምናሴ እንደ ልማዱ ሊያስተረጉም ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ «አንተ ዞር በል» አሉት በወላይትኛ። ከዚያ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ታንዲ፣ ከም» አሉ። ልጅቷ ፊቷን ስክሪኑ ላይ ለጠፈችው። «ታንዲ፣ ዩ ኢት?» ልጅቷ ሮጣ ሄዳ የተገመጠ ዳቦ ይዛ መጣችና አሳየቻቸው። «ጉድ! ሄር፣ ሁ?» ብለው ፀጉራቸውን እየነኩ የልጅቷን ሹሩባ ማን እንደሠራት ጠየቁ። ልጅቷ እናቷን ጎትታ አመጣች። ኖምሳ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። ታንዲ «ጎጎ» ስትላቸው ደንግጠው አዩኝ፤ ሰሎሞን ጠይቆ በእነ ኖምሳ ቋንቋ አያት ማለት እንደሆነ ነገራቸው። «ጎጎ» አሉ ሁለቴ በአፋቸው እያዞሩ። «ይሄ ቀላል ነው። ይሄን እቀበላለሁ።»

እንዲህ እየሆነ ሳለ ነው ያ ሐሙስ የመጣው።

ከሰዓት በኋላ የእማማ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አቶ ጴጥሮስ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ምናሴ ዕቃ ሊያመጣ ሲሄድ መኪናው ተገልብጦ ሞቷል። እዚያ ያሉ የሶዶ ልጆች ለአቶ ጴጥሮስ ደውለው ነግረዋቸዋል። ደንቡን እኔም አውቀዋለሁ፤ በኔም አገር ያው ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በማታም አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ይሰማል፣ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ በር ያንኳኳል። እህታቸው ከተበላ እንድትመጣ ሰው ተልኳል፤ ነገ ማለዳ ይነገራቸዋል። «የአንቺ ሥራ አንድ ነው፤» አሉኝ አቶ ጴጥሮስ፣ «እስከ ጠዋት ስልካቸውን ያዥ። ያቺ የልጅየው ሚስት እንዳትደውል ፈርተናል። የኛን ወግ አታውቅም።»

ቤት ስደርስ እማማ በረንዳው ላይ ቅቤ ያነጥራሉ። ፊቴን እንዳያዩት ጎንበስ ብዬ፣ «እማማ፣ ስልክዎ ተጨናንቋል፤ ላጽዳልዎት» አልኳቸው። አምነው ከጉያቸው አውጥተው ሰጡኝ። ገና ሁለት እርምጃ ሳልራመድ እጄ ላይ ጮኸ። የኖምሳ ፎቶ ስክሪኑ ላይ ወጣ። መዝጋት እችል ነበር። ጣቴ ግን እንቢ አለኝ፤ እማማ ከኋላዬ ተነሥተው ስልኩን ከእጄ ወሰዱት።

ኖምሳ ፀጉሯ ተበትኖ፣ ዓይኗ አብጦ ታየች። «ማማ…» አለች። «ማማ፣ ምናሴ… ሂ ዳይድ፣ ማማ።»

ይህን ቃል ማናችንም በር ላይ ሰጥተናቸው አናውቅም። ግን ለምን ይጠፋቸዋል? ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከመስቀሉ በታች «ክርስቶስ ስለ እኛ ሞተ» የሚለው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ነበር፤ ሰሎሞንን ጠይቀው አስነብበውታል። እማማ ዶርቃ ቀስ ብለው ዱካው ላይ ተቀመጡ። የቅቤው ድስት እሳት ላይ ነበር። የሚጮሁ መስሎኝ ጠበቅኩ።

«ኖምሳ» አሉ። «ዶንት ክራይ።» «ኖምሳ፣ ዩ ኢት? ታንዲ ኢት?»

ኖምሳ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«ኢት። ታንዲ ኢት። ዩ ስሊፕ። ዩ…» ቃል አጡ። እኔን አዩኝ። ላስተረጉም አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝና የነበራቸውን ቃል ይዘው ሄዱ። «ዩ ማይ ቻይልድ። ዲስ ሃውስ፣ ዩር ሃውስ። ዩ ከም።»

ስልኩ ሲዘጋ እኔ እያለቀስኩ ነበር። እማማ ድስቱን ከእሳት አወረዱት። «ዝም በል» አሉኝ። «ማን ማን ያውቃል?»

የታሰበውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሽማግሌዎቹ ነገ ማለዳ እንደሚመጡ፣ እህታቸው መንገድ ላይ እንዳለች።

«እንግዲያው ነገ ይንገሩኝ» አሉ። «አሁን ካለቀስኩ ብቻዬን ነኝ። እህቴ አልደረሰም። ሰው ለእኔ ብሎ እግሩን አንሥቷል፤ እንዴት ቀድሜ እጨርስበታለሁ? አንተ ምንም አላየህም።»

እኔ እንኳንስ እንዳላየ ልሆን፣ ከሳቸው ጎን ተነሥቼ መሄድም አቃተኝ። ክፍላቸው ገብተን ተቀመጥን። እስኪነጋ እጄን አልለቀቁም።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። እማማ ነጠላቸውን ለብሰው ራሳቸው ከፈቱ። አቶ ጴጥሮስ ከፊት፣ እህታቸው ከኋላ፣ ከዚያ ግቢውን የሞላ ጎረቤት። አቶ ጴጥሮስ በወላይትኛ፣ በዚያ ረጋ ባለ የሽማግሌ አነጋገር፣ ከሩቅ ጀምረው እየተጠጉ መጥተው የምናሴን ስም ሲጠሩ እማማ ዶርቃ ጮሁ። እህታቸው ደርሳ አቀፈቻቸው። ያን ጊዜ የጮሁት ጩኸት የማስመሰል ነው ብሎ ማንም ሊጠረጥር አይችልም፤ አልነበረምም። የልጃቸውን ሞት የሰሙት በእንግሊዝኛ ነው፤ ያመኑት ግን በወላይትኛ ነው። መርዶ የነገሯቸው ሰዎች እማማ ቀድመው መስማታቸውን እስከ መጨረሻው አላወቁም። ይህን አሁን የምጽፈው አቶ ጴጥሮስም፣ እህታቸውም፣ እሳቸውም ስለሌሉ ነው።

ለቅሶው አለቀ። ሰው ወደየቤቱ ተመለሰ። እሑድ ሆነ፤ ስልኩ አልጮኸም። ሌላ እሑድ መጣ፤ አልጮኸም። እማማ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በረንዳው ላይ ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ፤ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ይገባሉ። በር ላይ ቃል መቀበልም ተዉ። «ሳሮ» እላለሁ፤ «ሳሮ» ይሉኛል፤ ከዚያ ያሳልፉኛል። ባዶ እጄን መግባት እንዲህ እንደሚያሳፍር አላውቅም ነበር። ልጃቸውን ቀብረዋል፤ እንዲያውም እዚያው ተቀብሮ መቅበሩንም አላገኙትም። አሁን ደግሞ ከልጅ ልጃቸው ጋር ያገናኛቸው ነገር ሁሉ አብሮ ሊቀበር ነው ብዬ ፈራሁ።

ምክንያቱን ሰሎሞን አጣርቶ መጣ። እዚያ ያሉ የሶዶ ልጆች ለእማማ መደወሏን ከራሷ ሰምተው ኖምሳን ወቅሰዋታል። ለእናት እንዴት በስልክ ትናገሪያለሽ፣ ብትሞትብሽ ኖሮስ ብለዋታል። እሷም አፍራ፣ እማማ የተቀየሟት መስሏት፣ ስልክ መንካት ፈርታለች።

እማማ ይህን ሲሰሙ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። ምናሴ ከሞተ በኋላ ሲቆጡ ያየሁት የዚያን ዕለት ነው። «ማነው የወቀሰው? የሞተው ባሉ ነው! ለማን ይናገር? እኔ እናቱ ነኝ፤ ለእኔ ካልተናገረ ለማን ይናገር?» አሉ፤ ለምራታቸው መሆኑ ነው። ወዲያው ወደ እኔ ዞረው፣ «ደውል» አሉኝ።

«ምን ልበላት?»

«አንተ ምንም አትበል። ደውለህ ስጠኝ።»

ኖምሳ ቶሎ አላነሣችውም። ደገምኩ። በመጨረሻ ፊቷ ብቅ አለ፤ ዓይኗን ግን አላነሣችም።

«ኖምሳ» አሉ እማማ። «ዩ ቴል ሚ። ጉድ።» ኖምሳ ቀና አለች። እማማ ደረታቸውን በመዳፋቸው እየመቱ ደገሙት። «ዩ ቴል ሚ፣ ቬሪ ጉድ። ሚ፣ ማማ። አዘር ፒፕል፣ ኖ። ሚ።»

ኖምሳ ያን ያህል ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። እማማም አለቀሱ። ሁለቱ ስልክ ተያይዘው ሲያለቅሱ እኔና ሰሎሞን ግድግዳ ግድግዳውን እናያለን። ከዚያ ወዲህ እሑድ ተመልሶ እሑድ ሆነ፤ በማግስቱ በር ላይ፣ «ቃልህ የታለ? ባዶ እጅህን ነው እንዴ የመጣኸው?» ተብዬ ተገሠጽኩ። እንደዚያ ተቆጥተውኝ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሚቀጥለው ዓመት በጊፋታ ሰሞን ኖምሳና ታንዲ መጡ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ያን ሰሞን ተጣልቶ የከረመ ይታረቃል፣ ርቆ የሄደ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ግቢው በሰው ተጨናንቋል። ሥጋው፣ ዳጣው፣ ቆጮው ቀርቧል። እንግዶቹ እንዳይቸገሩ ብዬ እኔ ለማስተርጎም ከጠዋት ጀምሬ ከኖምሳ ጎን አልተለየሁም፤ ለዘመድ ሁሉ እያስተዋወቅኳት ነበር። ልፋቴም አላስጠላኝም፤ እንዲያውም ትንሽ ተኩራርቻለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሰው ቀለል ሲል እማማ ከግቢው አቮካዶ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ታንዲ ክንዳቸውን ይዛለች። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸውና አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው። አባቷ እንደ እሷ ትንሽ ልጅ ሳለ ምን ዓይነት ልጅ ነበር? ኖምሳ ደንገጥ ብላ አየችኝ። እኔም ተጠጋሁ፤ ይህ ከእማማ አቅም በላይ ነው፣ አሁን እኔ አስፈልጋለሁ ብዬ።

እማማ ዶርቃ ግን ጀምረውት ነበር።

«ዩር ፋዘር፣ ስሞል» አሉ፤ እጃቸውን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርገው። «ስኩል፣ ኖ! ሂ ራን።» ጣታቸውን ወደ ላይ፣ ወደ አቮካዶው ቅርንጫፍ ቀሰሩ። «ዲስ ትሪ። አፕ፣ አፕ። ሬይን ከም። ቢግ ሬይን። አይ ቴል፣ ከም! ሃ ያ! ሂ ኖ ከም። ሂ ክራይ። አይ ክራይ።» ከዚያ ወደ ወላይትኛ ገቡ፤ ከወላይትኛው ወደ እጃቸው፤ ነጠላቸውን ከጭንቅላታቸው ላይ አንሥተው ወደ ላይ ዘረጉት፤ ዓይናቸው ቅርንጫፉ ላይ እንደተሰካ ቀሩ።

ኖምሳ ወደ እኔ ዞረች። «ምንድነው የሚሉት?» አለችኝ በእንግሊዝኛዋ።

አፌን ስከፍት ታንዲ ቀደመችኝ። «ቆይ እማ፣ እኔ ልንገርሽ» አለቻት። «አባባ ከትምህርት ቤት አምልጦ እዚህ ዛፍ ላይ ወጣ። ዝናብ መጣና መውረድ ፈራ። ጎጎ ደግሞ ነጠላዋን ዘርግታ፣ እስኪያባራ ድረስ ከሥሩ ቆመች። ቢወድቅ ልትቀበለው።»

እማማ የልጅቷን እንግሊዝኛ ሁሉ እንዳልተከተሉት አውቃለሁ። ግን የልጅቷን እጆች አዩ፤ የተዘረጋውን ነጠላ ስታሳይ አዩ። ልጅቷን ወደ ራሳቸው ሳቡና ግንባሯን ሳሙት። ኖምሳም ከሌላው ጎን መጥታ ተቀመጠች። ሦስቱ አንዲት አግዳሚ ላይ ተጨናነቁ፤ ለሌላ ሰው ቦታ የለም።

እማማ ቀና ሲሉ እኔን ቆሜ አዩኝ።

«አንተ እዚህ ምን ይሠራል?» አሉኝ። «ሂድ፣ ለሰው ሻይ አፍላ።»

ሄድኩ። ማድ ቤት ገብቼ ጀበናውን ሳይሆን ትልቁን ማንቆርቆሪያ እሳት ላይ ጣድኩ። ከውጭ የሦስቱ ድምፅ ይሰማኛል፤ ትንሽ እንግሊዝኛ፣ ትንሽ ወላይትኛ፣ ብዙ ሳቅ። የሚሉትን ለመስማት ጆሮዬን አላቀናሁም። እኔን አይመለከተኝም።